ማርስን የመግፋት ሥራ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

«ምን ሥራ አለ ብለህ ነው? ዓለም እንደሆነች ቆማለች» ሲል ሰማሁት ዘበኛውን። ስልክ ላይ ነበር። ስለ ኑሮ ሳይሆን አይቀርም… ግን እኔ በምሠራበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ዝም አይባልም። ገብቼ አየሁ። እውነትም ቆማለች።

ምድር ማለቴ ነው። ከነሐስ የተሠራችው የእኛዋ፣ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ያለችው። ባለፈው ረቡዕ የነበረችበት ቦታ ላይ ተገትራለች።

የሚገፋት አልነበረማ። እታለም ትከሻዋን አሟት ከሐሙስ ጀምሮ ቤት ነው የከረመችው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ሙዚየሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ በእድሜ የሚበልጣት ሳይቀር፣ «እታለም» ነው የሚላት፤ እኔ ስጠራት ሰምተው። የሰማይ አዳራሹ ኃላፊ ናት። እኔ ደግሞ የግድግዳ ጽሑፎቹን እጽፋለሁ። ሰው ቆሞ የማያነበውን ነገር በሚነበብ ቋንቋ ማስቀመጥ ነው ሥራዬ።

አዳራሹን ለማያውቅ ሰው… (ለማን ነው የማስረዳው? ልማድ ሆኖብኝ ነው። ይሁን።) ጣሪያው ላይ ሁለት ሞላላ ሐዲዶች አሉ፣ አንዱ ለምድር፣ ሰፊው ለማርስ። መሥራቹ ለስምንቱም ፕላኔቶች አስበው ነበር፤ ጣሪያው ለሁለት በቃ። የቀሩት ግድግዳ ላይ ተሥለዋል። ፀሐይ ትልቅ አምፖል ናት። ሞተር የሚባል ነገር የለም፤ ጫፉ ላይ ሜንጦ ያለው ረጅም ዘንግ ነው ያለው። ምድር በየጠዋቱ ትገፋለች፣ ማርስ በየሰኞው፣ ለጎብኚ ዝግ በምንሆንበት ቀን። ሐዲዶቹ ላይ ዲግሪ ተቀርጿል።

ዛሬ እታለም ገብታ፣ ባመማት ትከሻ ማርስን ገፍታ፣ ሻይ ልትጠጣ ወጣች። ምድርን እኔ ላስተካክልላት ብዬ የዓመቱን የፕላኔቶች ሠንጠረዥ ከቤተ መጻሕፍት አመጣሁ። ምድር ተስተካከለች። ሠንጠረዡን ልዘጋ ስል ዓይኔ የማርስ መስመር ላይ አረፈ።

ሐዲዱ ላይ 120 ዲግሪ። ሠንጠረዡ ላይ 129 ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

መስመር ተሳስቼ ይሆናል። መነጽሬን መቀየር ካለብኝ ቆይቻለሁ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

መስመሩ ትክክል ነው። መነጽሩም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። አዲስ ነው፣ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ሦስቱን በአንድ አለቃ ላይ ማየት ያስፈራል።

«አዳራሹ የሚያሳየው ነገር ትክክል ከሆነ አልነካውም» አለኝ። «ካልሆነ ግን ሐዲዱን አንስተን ስክሪን እንሰቅላለን። ቦርዱ ህዳር 18 ይመጣል። አንድ ገጽ ጻፍልኝ። ትክክል ነው ወይስ አይደለም፣ በቃ።»

«እታለምስ?»

«እማማ ጡረታቸው እስኪደርስ ትኬት ቤት ይቀመጣሉ። ትከሻቸውም ያርፋል።»

ከልቡ ነው ያዘነላት፤ የባሰውም ይሄ ነው። ስንወጣ በር ላይ አገኘናት። «እማማ፣ ትከሻዎ እንዴት ዋለ?» አላት። «እማማህ ቤትህ ናቸው» ብላው አለፈች። በሁለቱ መካከል የስድስት ዓመት እንኳ… አይ፣ ከዚያስ ይበልጣል። ግን እውነትም እማማ የምትባል ሴት አይደለችም።

አንድ ገጽ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚነበበው እሱ ሊሆን ነው።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ሞላላ ስሥል ውዬ ገባኝ።

ማርስ መንገዷ ሞላላ ነው። ፀሐይ ደግሞ የሞላላው መሃል ላይ አይደለችም፣ ወደ አንደኛው ጫፍ ፈቀቅ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ ማርስ ፀሐይን ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትንቀረፈፋለች። የት እንደደረሰች ለመናገር ሦስት ዓይነት ማዕዘን አለ።

እውነተኛው፦ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚለካው። ያለችበት ቦታ ማለት ነው።

አማካዩ፦ ሳትፈጥን ሳትዘገይ፣ ቀን በቀን እኩል ብትራመድ ኖሮ የምትደርስበት። የሌለችበት ቦታ ማለት ነው፣ ግን ለማስላት እንዴት ይመቻል!

ሦስተኛው የረዳቱ ክብ ማዕዘን ነው። ሞላላውን የሚያቅፍ ክብ በሐሳብ ይሣላል፣ ማዕዘኑ ከክቡ መሃል ይለካል። እዚያ ማንም የለም። ከአማካዩ ወደ እውነተኛው የሚሻገሩበት ድልድይ ብቻ ነው። (በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ እኔ ነኝ መሰለኝ።)

የጥንት ሊቃውንት ሦስቱንም በአንድ ስም ነው የጠሯቸው፤ ትርጉሙ «መዛባት»። አማካዩን ጭምር! በዕድሜው አንድ ቀን ተዛብቶ የማያውቀውን። ስም ማጥፋት ድሮም ነበረ።

እንግዲህ ሐዲዱ ላይ የተቀረጸው እውነተኛው ማዕዘን ነው። እታለም የምትገፋው ግን በአማካዩ ነው፤ በየሰኞው እኩል፣ አራት ሊሞላ ትንሽ የጎደለ ዲግሪ። መሥራቹ እንዲያ አስተማሯት። እሷም ስንት ዓመት አንዲት ሰኞ አላዛነፈችም። ጥፋቱ ያለው እዚያው ላይ ነው… አለማዛነፏ ላይ።

ለምን አልታወቀም? «ልደት» ስላለን። ማርስ ዜሮ ላይ፣ ማለትም ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ነጥብ ላይ በደረሰች ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል። ኬክ ይቆረሳል፣ ሠንጠረዡ ይመጣል፣ ይመሳከራል። ልክ ሆና ትገኛለች። ይጨበጨባል። ሠንጠረዡ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እስከሚቀጥለው ልደት ማንም አይገልጠውም። ዜሮ ላይ ግን ሦስቱም ማዕዘኖች አንድ ናቸው! ተማሪን መልሱን በሚያውቀው ጥያቄ ብቻ ሲፈትኑ እንደመኖር።

ምድርም ስትዛባ ኖራለች እኮ። ቢበዛ ሁለት ዲግሪ ብትሆን ነው። የራስ ሲሆን አይታይም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ሌላም ነገር አሰላሁ። ማዕዘኖቹ የሚገጥሙት ዜሮ ላይ ብቻ አይደለም። ሩቁ ነጥብ ላይም ይገጥማሉ፣ 180 ላይ። ከአሁን ጀምሮ የማርስ መዘግየት በየሳምንቱ እየጠበበ ይሄድና እዚያ ስትደርስ ያልቃል። መቼ? ጥር 26።

ቦርዱ ህዳር መምጣቱን ትቶ ጥር መጨረሻ ላይ ቢመጣ…

ውሸት አይሆንም። «በጉብኝቱ ሰሞን ሲታይ ትክክል ነው»። እያንዳንዱ ቃል እውነት። የግድግዳ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ «በደንብ ላጥናው፣ እስከ ጥር መጨረሻ ጊዜ ይሰጠኝ» አልኩ። «ይሰጥህ» አለ። እዚያው ደወለ። ጥር 27 ብለዋል። በሕይወቴ እንዲህ በቀላሉ የሆነልኝ ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ሰማች። ከዳይሬክተሩ ነው የሰማችው። ራት ላይ አነሳችው።

«እስከ ጥር ድረስ ምን ልታጠና ነው?»

«አዳራሹን።»

«እኔን ብትጠይቀኝ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አልጨርስልህም ነበር?»

እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዝምታዬን እንደ ጋዜጣ ታነበዋለች፣ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን እስከ ማስታወቂያው።

«ተናገር አንተ ሰውዬ።»

ነገርኳት።

«ልደቷ ላይ ልክ ነበረች። ራስህ አጨብጭበሃል፣ ኬክም ደግመሃል።»

«ነበረች።»

«ታዲያስ?»

«ልደቷ ላይ ምንጊዜም ልክ ናት። ሩቁ ጫፍ ላይም። በሌላው ቀን ነው የማትሆነው።»

«በሌላው ቀን ማለት?»

«ሁልጊዜ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ትናንት ተማሪዎች መጥተው ነበር» አለች። «‹ይኸውላችሁ፣ ማርስ ዛሬ እዚህ ጋ ናት› ብዬ አሳየኋቸው። በጣቴ። አንዷ ልጅ በደብተሯ ሣለችው።»

እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ስንቱ ልጅ ነው እኔን አምኖ የሄደው…» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ደግሞ ደብቀህ ልታሳልፈኝ። ለሰነፍ ልጅ ፈተና እንደሚሠራ ወላጅ።»

ሳህኗን ይዛ ገባች። የእኔን ትታ። የእኔን ትታ አታውቅም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አላናገረችኝም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ዛሬም። በሩን ግን ቀስ አድርጋ ነው የምትዘጋው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ዘንጉን አነሳች፣ ማርስን ገፋቻት። እንደ ድሮው፣ እኩል። ቆሜ አያለሁ።

«ለምን?» አልኩ።

«ስንት ልግፋት ታዲያ? ንገረኝ። ስንት?»

አላውቅም! ስህተቷን እስከ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ድረስ አስልቻለሁ፣ ትክክሉን ግን አንድ ሳምንት እንኳ አላሰላሁም። እዚያው ቆሜ ሲታወቀኝ ፊቴ ጋለ። እሷ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች። ሳታየኝ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ከራት በኋላ እርሳስ ይዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አስረዳኝ። እንደ ግድግዳው ጽሑፍህ እንዳይሆን ብቻ።»

አሮጌ መክተፊያ ላይ ሁለት ምስማር መታሁ፣ ክር አሰርኩ፣ ክሩን በእርሳስ ወጥሬ ሞላላ ሣልኩላት። ፀሐይ ከምስማሮቹ አንዷ ናት አልኳት።

«ሌላዋስ?»

«ባዶ ናት።»

«ምንም የለባትም?»

«ምንም።»

ምስማሯን በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ታሳዝናለች» አለች።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባን። ክፉው ነገር ከአማካዩ ወደ ረዳቱ ማዕዘን በቀጥታ የሚወስድ መንገድ አለመኖሩ ነው። ከረዳቱ ወደ አማካዩ ይኬዳል፣ መመለሻው ላይ ግን መንገዱ ይጠፋል። መገመት ነው ያለው። ትገምታለህ፣ ታሰላለህ፣ ያልፍሃል ወይ ይጎድልሃል፣ ታርማለህ፣ እንደገና ትገምታለህ።

«ይሄ ነው ሳይንስ?»

«ይሄ ነው።»

«እኔ ሾርባ ላይ ጨው የምጨምረው እንዲህ ነው።»

ሳቅን። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያው። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችውና እሷ ገመተች፣ እኔ በማሽን አሰላሁ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ መንቀሳቀስ አቆመ። ከረዳቱ ወደ እውነተኛው ተሻገርን። ሠንጠረዡን ገለጥን። ገጠመ! እታለም ወንበሯን ደገፍ ብላ ወረቀቱን ብቻ ስታይ ቆየች።

«ለተራው ቀን አይደለም እንዴ ይሄ ሠንጠረዥ የተጻፈው?» አለች። «ልደት ብቻ ነው የምናየው። ኬክ ስላለ።»

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ማርስን አሁንም እንደ ልማዷ ነው የገፋቻት። «ብቻችንን ብናስተካክላት መስረቅ ይሆንብኛል» አለች። «በቦርዱ ፊት ነው የማስተካክላት። በድሮው ቀጠሮ ይምጡ። ጥር ከደረሱማ ስህተቴ ራሱ አልቆ ይጠብቃቸዋል።»

«ሐዲዱን ሊያነሱት ይችላሉ እኮ እታለም።»

«ያንሱት። ትኬት ቤት ሆኜ ግን ‹ማርስ እዚህ ጋ ናት› ያልኳቸውን ልጆች እያሰብኩ አልቀመጥም።»

ዳይሬክተሩ ቢሮ ራሷ ገባች። ብዙም አልቆየች። እሱ ተከትሏት ወጥቶ «ምን ሆነው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። እማማ አላለም። እድገት ነው።

ያቺን አንድ ገጽ ጻፍኩ። «ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የአዳራሹ ኃላፊ ራሳቸው ያስረዳሉ።» ቀሪው ወረቀት ባዶ ነው። ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው ሳይሆን አይቀርም።

ህዳር 11፣ ረቡዕ

ኩሽና ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ትለማመዳለች። ማቀዝቀዣው የቦርዱ ሰብሳቢ ነው። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ይመልከቱ» ትለዋለች። ውኃ ልቀዳ ብገባ «ስብሰባ ላይ ነን» ብላ አባረረችኝ።

ህዳር 18፣ ረቡዕ

መጡ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ። አብሯቸው ሒሳብ ሹሙ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች፣ ዳይሬክተሩ። ዘበኛውም በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ማን እንደጠራው አላውቅም።

እታለም መሃላቸው ቆመች። ዘንጉን እንደ ጦር ይዛ።

«ይህች ማርስ ናት» አለች። «ዛሬ ቦታዋ ላይ አይደለችም። ወደ ኋላ የቀረችው በእኔ ነው። እኩል እኩል እየገፋኋት።»

ዳይሬክተሩ ጫማውን አየ። እኔም የእኔን። ጫማ የሚታይበት ሰዓት ነበር።

ከዚያ ኩሽና ውስጥ ያላሳየችኝን አደረገች። ሒሳብ ሹሙን ከሐዲዱ ሥር፣ ዜሮው ጋ፣ አቆመቻቸው። «እርስዎ በእኩል እርምጃ ይሂዱ። እርስዎ አማካይ ነዎት።»

«ቤትም እንዲሁ ነው የሚሉኝ» አሉ ሒሳብ ሹሙ።

ዘበኛውን ጠርታ ከጎናቸው አቆመችው። እሱን ደግሞ መጀመሪያ አስፈጠነችው፣ ሩቁ ጫፍ አካባቢ «ቀስ፣ ቀስ፣ እግርህን ጎትት» አለችው። ሒሳብ ሹሙ ኋላ ቀሩ፣ ከዚያ እየደረሱበት መጡ፣ ሩቁ ነጥብ ላይ እኩል ገቡ። ዘበኛው በድል አድራጊነት እጁን ሊያነሳ ሲል «ማንም አልቀደመም» አለችው። ሁሉም ሳቁ። ግን ገባቸው። አየሁ፣ ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁ። በዚህ ቤት የጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ አንድ ላይ ያን ያህል አስረድተው አያውቁም።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ፀሐይዋ ከመሃል ፈቀቅ ስላለች ነዋ» አሉ።

«አዎ ክብርት።»

ሁላችንም ቀና አልን። «እውነትም፣ ወደ ግራ ናት» አሉ ሒሳብ ሹሙ። ሰብሳቢዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳይሬክተሩም። እኔም አየኋት፣ ስንዝር ያህል ወደ ግራ። በደንብ ይታያል።

ከዚያ እታለም ዘንጉን አነሳች። ትከሻዋ እንዳመማት ከንፈሯ ላይ ታወቀኝ፤ ልረዳት ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ። ማርስ ሲጢጥ ብላ ወደፊት ሄደች። ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ስንት ዓመት የዘለቀ ስህተት ስንዝር ተኩል ብቻ መሆኑ… ደስ ሊለኝ ይገባል ወይስ ሊቆጨኝ? እታለም ዘንጉን አውርዳ «አሁን እዚህ ጋ ናት» አለች። ጣቷን ቀጥ አድርጋ ነው የጠቆመችው።

ማንም አላጨበጨበም። ኬክም አልነበረም።

ህዳር 23፣ ሰኞ

አዳራሹ ይቆያል። ስክሪኑ መግቢያው ላይ ይሰቀላል። ሰብሳቢዋ «ስክሪን ቤቴም አለኝ፤ ‹ተሳስቼ ነበር› የሚል አዳራሽ ግን አይቼ አላውቅም» ብለዋል አሉ።

ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ነገራት። «እንኳን ደስ አለዎት እታለም» አላት። ከዚያ ደንግጦ ቆመ።

«ተወው፣ እሱ ይሻላል» አለችው።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ያልሆነ ሰኞ ተገፋ። ሦስት ዲግሪና ጥቂት።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ትናንት ማርስ ሩቁ ነጥብ ላይ ደረሰች። ማዕዘኖቹ ሁሉ ገጠሙ። ምንም ባናደርግ ኖሮም ትናንት እዚያው ነበር የምትሆነው፤ ይህን ለእታለም ስነግራት «ዝም በል» አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

አሁን ማስላቱ የእሷ ነው፣ መግፋቱ የእኔ። የእሷ ትከሻ ድኗል፣ የእኔ ጀምሯል። ለተማሪዎች «ይኸውላችሁ» ማለት ትታለች። «የዛሬ ሳምንት የት የምትደርስ ይመስላችኋል? ገምቱ» ትላቸዋለች። ይገምታሉ፣ ታርማቸዋለች፣ ደግመው ይገምታሉ። ጩኸታቸው እኔ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ሦስቱን ማዕዘኖች የሚያስረዳው ጽሑፌም ተሰቅሏል። «ፀሐይ ከመሃል ፈቀቅ ብላ እንደምትታይ ልብ ይበሉ» የሚለውን መስመር እሷ ናት ያስጨመረችው። ቆመው ያነቡታል፣ ከዚያ ቀና ይላሉ። ሰው የጻፍኩትን ሲያነብ ማየት እንዴት ያሳፍራል።

ከሰዓት የፀሐይ አምፖል ተቃጠለ። ኤሌክትሪሻኑ መሰላሉን የት እንደሚያቆም ለማወቅ ከአምፖሉ ሥር ክብደት የታሰረበት ገመድ ወደ ወለሉ አወረደ። ገመዱ ሲረጋ እታለም ጫፉ ያረፈበትን ቦታ አየች። ሜትር አምጣ አለችኝ። ከገመዱ እስከ ቅርቡ ነጥብ ሥር ለካን። ከገመዱ እስከ ሩቁ ነጥብ ሥር ለካን። እሷ ደግማ ለካች። ኤሌክትሪሻኑም አንድ ጊዜ ለካልን።

ፀሐይ የተሰቀለችው ልክ መሃል ላይ ነው።